አጃቢ ቅጂና የመድረክ ሙዚቃችን

ስለ ሙዚቃችን ዕድገት በተነሣ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማው የመሣሪያ ጥያቄ ነው። ማሲንቆና ክራር ከትራምፔትና ከሳክስፎን አጠገብ ምን ቦታ ይኖራቸዋል? ኪቦርድ ባንዱን ያሟላዋል ወይስ ይተካዋል? እነዚህ ክርክሮች በየዘመናቸው ብዙ ቀለም ፈጅተዋል። ዛሬ ይህ ጸሐፊ ሊያነሣው የፈለገው መሣሪያ ግን ከሁሉም የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም መድረክ ላይ ሆኖ ሲጫወት ተመልካቹ የማያየው መሆኑ ነው። በትከሻ ቦርሳ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ባለብዙ መስመር የድምፅ መቅጃ ነው። ቀድመው የተቀዱ የመሣሪያና የተቀባይ ድምፆችን ተሸክሞ ይመጣል፤ አዝራሩ ሲነካ ያሰማቸዋል፤ ድምፃዊውና አብረውት የቆሙት ጥቂት ተጫዋቾች በላዩ ላይ ይዘፍናሉ፣ ይጫወታሉ። ይህን ቀድሞ የተዘጋጀ ድምፅ በዚህ ጽሑፍ «አጃቢ ቅጂ» ብለን እንጠራዋለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። አጃቢ ቅጂና ፕሌይባክ አንድ አይደሉም። በፕሌይባክ ድምፃዊው አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ ስለዚህም ፍርዱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት መድረክ ላይ ሳሉ ቅጂው ተቀርቅሮ አንዱን ስንኝ እየደጋገመ እንዳጋለጣቸው፣ በተከታዩም ዓመት በሸክላው ላይ የዘፈኑት እነርሱ አለመሆናቸው ታውቆ የግራሚ ሽልማታቸው እንደ ተሰረዘ የሚታወስ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አጃቢ ቅጂን የሚጠቀም ግን በእርግጥ ይዘፍናል፣ በእርግጥ ይጫወታል፤ ላቡም እውነተኛ ላብ ነው። ሂስን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ሐሰት ያልሆነን ነገር መመርመር ሐሰትን ከማጋለጥ ይከብዳልና።

ነገሩን በጥብቅ እንዳስብበት ያደረገኝ ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ የተከታተልኩት የሙዚቃ ምሽት ነው። ማስታወቂያው «በሙሉ ባንድ» ይላል። መድረኩ ላይ የተገኙት ግን አራት ሰዎች ናቸው፤ ድምፃዊቷ፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ አንድ ድራመርና አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች። የሚሰማው ከአራት ሰው በላይ ነበር። ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ማሲንቆ፣ ቢያንስም ሦስት ሴቶች ያሉበት የተቀባዮች ቡድን ይሰማል። የእነዚህ ሁሉ ማደሪያ ከኪቦርዱ ጎን ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሣጥን ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ቅንብሩ ያማረ ነበር። ትራምፔቶቹ ከአዝማቹ በፊት የሚገቡበት ቦታ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ የተቀባዮቹም ድምፅ ከድምፃዊቷ ጋር ሳይጋጭ ከሥሯ ይፈስሳል። አንድ ነገር ብቻ ጆሮዬን ቆረቆረው። ማሲንቆው ከእያንዳንዱ አዝማች በኋላ የሚያሰማት አንዲት ጥምዝምዝ ዜማ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ስትመጣ ሦስቱንም ጊዜ ያለ አንዲት ነጥብ ልዩነት ራሷን ሆና መጣች። ማሲንቆ የያዘ ሰው እንዲህ አያደርግም። ቢፈልግም አይችልም። አንዱ ተቀድቶ በሌሎቹ ቦታዎች የተለጠፈ መሆኑ ግልጽ ነበር።

በአራተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው፣ ኪቦርዱና ቤዝ ጊታሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ድራመሩ ብቻ መምታቱን ቀጠለ። ከዚያ የሆነው ነገር ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሕዝቡ በጨለማ ማጨብጨብ ጀመረ። ድምፃዊቷ ማይክሮፎኗን አስቀምጣ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረበችና አዝማቹን በባዶ ድምፅዋ አነሣችው። አዳራሹ ተቀበላት። ጭብጨባው እየፈጠነ፣ እየደመቀ ሄደ፤ እርሷም አብራ ፈጠነች። እኔ በበኩሌ የምሽቱን ሙዚቃ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ድራመሩ ግን አልፈጠነም። በመጀመሪያው ፍጥነት እየመታ ከሕዝቡ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሣጥኗ በባትሪ ስለምትሠራ አልጠፋችም፤ በድራመሩ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የመለኪያው ምት «ቲክ፣ ቲክ» ማለቱን አላቋረጠም። እርሱም ግዴታውን ፈጸመ፤ ለሣጥኗ ታዘዘ።

ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጄኔሬተሩ ተነሣ። በዚያችው ቅጽበት ተጫዋች የሌላቸው ሁለት ትራምፔቶች የዘፈኑን ማሳረጊያ እያሰሙ ከድምፅ ማጉያው ፈንድተው ወጡ። ሣጥኗ በጨለማው ውስጥ ማንም ሳይሰማት ብቻዋን ስትጓዝ ቆይታ ኖሮ መጨረሻው ላይ ደርሳለች። ድምፃዊቷ ገና ሁለተኛው ግጥም ላይ ነበረች። ዝም አለች፤ ዞር ብላም ሣጥኗን አየቻት። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

የመብራት መጥፋት የማንም የኪነት ሰው ጥፋት አይደለም። ሆኖም ያ ጨለማ በብርሃን የማይታይ ነገር አሳይቶናል። መብራት ባለበት ጊዜም ቢሆን ድራመሩ የሚያደምጠው ሣጥኗን ነበር፤ ድምፃዊቷም የምትጠብቀው የሣጥኗን ምልክት ነበር። ማን ማንን ይጠብቃል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በአጭሩ ይኸው ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይጠቅማል። ባለብዙ መስመር መቅጃ ማለት ልዩ ልዩ ድምፆችን እየነጣጠለ፣ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር የሚይዝ መሣሪያ ነው። ትራምፔቱ በአንዱ፣ ማሲንቆው በሌላው፣ ተቀባዮቹ በሦስተኛው መስመር ይቀመጣሉ፤ በኋላም የአንዱን ድምፅ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ማድረግ፣ ከነአካቴው መዝጋትም ይቻላል። ይህ ችሎታ ለብዙ ዘመን የትላልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ሀብት ነበር። በ1979 የጃፓኑ ቲያክ ኩባንያ ታስካም በሚለው ስሙ «ፖርታስቱዲዮ 144» የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። መሣሪያው በማንኛውም ሱቅ የሚገኘውን ተራ ካሴት ይጠቀማል፤ ለሁለት ገጽ የተመደቡትን አራቱን መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ይጠቀምባቸዋል፤ ጥራት ለማግኘትም ካሴቱን በእጥፍ ፍጥነት ያስኬደዋል። ስለዚህ የስልሳ ደቂቃ ካሴት አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። በ2009 የወጣው «ዙም አር 16» ደግሞ አሥራ ስድስት መስመሮችን በአንዲት ጥፍር በምታክል የማስታወሻ ካርድ ላይ አስቀምጦ በስድስት ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል። የሁለቱም ዓላማ ሙዚቀኛው በቤቱ እንዲቀዳ ነበር። ወደ መድረክ ያወጣቸው ሙዚቀኛው ራሱ ነው።

መድረክ ላይ ሲወጡ አንድ ችግር ያጋጥማል። የእነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች ዋና መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ስለሆነም ልማዱ ሙዚቃውን ሁሉ ወደ አንዱ ወገን ሰብስቦ ወደ አዳራሹ መላክ፣ የመለኪያውን ምት ደግሞ በሌላው ወገን ወደ ድራመሩ ጆሮ ማዳመጥ ሆኗል። (ገመዱ የተገለበጠበት ዕለት አዳራሹ የሚሰማው ሙዚቃውን ሳይሆን የሰዓት ምት የሚመስለውን ቲክታ ነው፤ ይህም ያልደረሰበት ባንድ ጥቂት ይመስለኛል።) ውጤቱን ልብ እንበል። ተነጣጥለው የተቀዱት ድምፆች አዳራሹ ሲደርሱ እንደገና በአንድ ገመድ ታስረዋል። የድምፅ ባለሙያው ሳክስፎኑ ቢበዛበት ሳክስፎኑን ብቻ ዝቅ ሊያደርግ አይችልም፤ አብሮ ማሲንቆውንም ተቀባዮቹንም ይቀንሳል። መሣሪያው የተፈጠረበት ጥበብ ማለትም ድምፅን ከድምፅ መለየት ከመድረኩ በፊት ተሰናብቷል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር በ1951 ያወጡት ሸክላ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ የተሠራ ነበር። ሕዝቡ መድረክ ላይም ያንኑ ስለ ጠበቀባቸው ሌስ ፖል በጊታሩ ላይ በተገጠመች ትንሽ መቆጣጠሪያ ከእይታ ውጪ ያለውን ቴፕ መቅጃ የሚያዝበትን ዘዴ አበጀ። ልብ ይባል፤ መቆጣጠሪያው በተጫዋቹ እጅ ነበር፤ መሣሪያውም እርሱን ይከተል ነበር። የእንግሊዙ «ዘ ሁ» ባንድ ግን በ1971 ካወጣው ሸክላ ወዲህ ቀድሞ የተቀዳ የሲንተሳይዘር ቴፕ መድረክ ላይ ሲጠቀም ድራመሩ ኪት ሙን ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ቴፑን ይከተል ጀመር። ያ ሰው በልጓም አልባ አመታቱ የታወቀ፣ ባንዱንም የሚጎትት ድራመር ነበር። በኅዳር ወር 1973 በኒውካስል «ኳድሮፌኒያ» የተባለውን ሥራ ሲያቀርቡ ቴፑና ተጫዋቾቹ ተላለፉ፤ ጊታር ተጫዋቹ ፒት ታውንሼንድ በሕዝብ ፊት በድምፅ ባለሙያው ላይ ተነሣ፤ የቴፑንም ዕቃ አወደመ። የተናደደው በሰውዬው ይሁን በመሣሪያው ለመለየት ያስቸግራል። ሰውዬው ግን መሣሪያው የሠራውን ዕዳ ከፈለ።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የበለጠ የሚያስተምረው የሁለት የሊቨርፑል አካባቢ ወጣቶች ታሪክ ነው። አንዲ ማክላስኪና ፖል ሃምፍሪስ በ1978 «ኦርኬስትራል ማኑቨርስ ኢን ዘ ዳርክ» በሚል ስም መድረክ ሲወጡ ድራመር የሚቀጥሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ባለ አራት መስመር የቲያክ ቴፕ መቅጃ ይዘው ወጡ፤ በጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ ባለታሪክ ስም «ዊንስተን» ብለው ሰየሙት። አልደበቁትም፤ ስም አውጥተው እንደ ሦስተኛ አባል ቆጠሩት። ጥቂት ቆይቶ ዐቅም ሲያገኙ ዊንስተን ተሰናብቶ ማልኮም ሆምስ የተባለ ሥጋና ደም ያለው ድራመር ቦታውን ያዘ። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከእነርሱ የበለጠ ፍቅር የነበረው ሰው ማግኘት ያዳግታል፤ ሆኖም ለዊንስተን የሰጡት ወንበር የጊዜያዊ ሠራተኛ ወንበር ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሙዚቃ እንመለስ፤ ጉዳዩ በእኛ ዘንድ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለና። የምዕራቡ የዳንስ ሙዚቃ አብዛኛው የተወሰነ ርዝመት፣ የተወሰነ ፍጥነትና የተወሰነ ቁመት ያለው ነው፤ ከመለኪያ ምት ጋር ቢታሰር የሚያጣው ጥቂት ነው። የእኛን እንይ። በአዝማሪ ቤት ግጥም የአዝማሪው ብቻ አይደለም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይጥላል፤ አዝማሪው ያነሣዋል፣ ቃሉን ገልብጦ ይመልሰዋል፤ ሌላው ደግሞ ይነሣል። ይህ ሦስት ደቂቃ ይፈጅ እንደሁ ሠላሳ ደቂቃ የሚያውቅ የለም። ማሲንቆው ያችን ሐረግ እየዞረ ይጠብቃል። የመጠበቅ ችሎታ የማሲንቆ ተጫዋች የሙያው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሆነ ቅጂ ግን ግጥም ያለውንም የሌለውንም ሰው በአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያሰናብተዋል።

ቀረርቶንና ሽለላን እንውሰድ። ቀረርቶ በመለኪያ ምት አይሄድም፤ ትንፋሽ በወሰደው ያህል ይረዝማል፣ ቁጣ በጠራው ያህል ይሰበራል። አንድ ድምፃዊ ከቀረርቶ ወደ ምት የሚገባባት ቅጽበት፣ ማለት ከበሮው «አሁን!» ብሎ የሚወድቅባት ቦታ፣ በዓይን ጥቅሻ የምትወሰን ናት። በቅጂ ላይ ይህችን ቅጽበት ለማኖር የሞከሩ አቀናባሪዎች አሉ፤ የሚያደርጉትም ለቀረርቶው ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ ባዶ ቦታ መተው ነው። ድምፃዊው በውስጡ እየቆጠረ ይፎክራል። እየቆጠረ የሚፎክር ሰው ምን ዓይነት ፉከራ እንደሚፎክር አንባቢ ይገምት።

ስለ ችክችካው ምትም እንዲሁ ነው። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን ሲያነሣ ከበሮ መቺው ያያል፤ ያነሣሣዋል፤ ሁለቱ ተያይዘው ይፈጥናሉ። ፍጥነቱ የሚጨምረው በስሕተት አይደለም፤ ስሜቱ የሚለካው በእርሱ ነው። በዚያ አዳራሽ ሕዝቡ በጨለማ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ቅኝትንም እንጨምር። ክራር ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው በድምፃዊው ጉሮሮ ልክ ነው፤ ትዝታውም ባቲውም አምባሰሉም አንቺሆዬውም ድምፃዊው ዛሬ ባለበት ከፍታ ይቃኛል። ጉንፋን የያዘው ድምፃዊ ክራር ደርዳሪውን ዝቅ እንዲልለት ይለምነዋል። ቅጂውን አይለምነውም። በካሴቱ ፖርታስቱዲዮ ላይ የፍጥነት ማስተካከያ ነበረ፤ ሆኖም ቃናው ዝቅ ሲል ምቱም አብሮ ይዘገያል፤ ጉሮሮውን ያዳነ ጭፈራውን ይገድላል።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያው በመቅጃ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ ይኮነን» እንዳይሉ አንድ ትልቅ ምስክር መጥራት ተገቢ ነው። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በሂልተን ሆቴል ሲሠራ በሰዓት እላፊው ዘመን ነበር፤ እንግዳው ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ መውጣት ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በዚያ ዓይነት ሌሊት ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያደምጥ መገመት አያስቸግርም። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ ኃይሉን ጨምሮ ጥቂት አባላት እዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ገባ። አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን ራሱ እየተጫወተ፣ የምት ማሽን ጨምሮ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ሠራ። አንድ ሰው ከራሱ ጋር ባንድ ሆነ። ካሴቱን የሰማ ሁሉ የሚመሰክረው በዚያ ሥራ ውስጥ ያለው ብቸኝነት የሙዚቃው አካል እንጂ ጉድለት አለመሆኑን ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 «ኔብራስካ»ን በቤቱ በፖርታስቱዲዮ ቀድቶ ባንዱ የሞከረውን ትቶ ያንኑ የካሴት ቅጂ ማውጣቱም ከዚሁ ይቆጠራል። ብቸኛ ሰው ብቻውን መሆኑን በመቅጃ ቢናገር እውነት ተናገረ።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያውቀውና ወደ መድረክ ሲጠራ አንድ ቀላል መንገድ ክፍት ነበረለት። ብቻውን የሠራውን ሥራ ቅጂውን ይዞ ብቻውን ቢያቀርብ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ሥራው ያው ነዋ። እርሱ ግን የመጣው ቤዝና ድራም ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር በሦስትነት ነው። በ2018 ያወጣው «ላላ በሉ»ም ከሁለት አብረውት ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር የተሠራ ነው። ብቸኝነትን ለስቱዲዮ፣ መደማመጥን ለመድረክ አደላድሏል ብል ያስኬደኛል።

የእንጀራውን ነገር ሳያነሡ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ግን ግማሽ ሥራ ነው። በ1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን በጄምስ ፔትሪሎ መሪነት አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይቀዱ ከልክሎ ክልከላው እስከ 1944 ቆይቷል፤ ሸክላው የሙዚቀኛውን ቦታ ይወስዳል የሚል ሥጋት ነበራቸው። በ1982 ደግሞ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን እንዲታገዱ ውሳኔ አሳልፎ ነበር፤ ማኅበሩ በጠቅላላው ግን አልተከተለውም። ክልከላ መሣሪያን እንደማያስቀር ከሁለቱም እንማራለን። ሥጋቱ ግን ባዶ አልነበረም። በእኛ አገር የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅርና የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ባንዶችና ኦርኬስትራዎች የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾችን አሠልጥነው፣ ደመወዝ ከፍለው ይዘው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ የምሽቱን ሥራ እየሸፈኑ ሲመጡ ትራምፔቱ በመጀመሪያ ወደ ኪቦርዱ አዝራር ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ሣጥኗ። በስቱዲዮ አንድ ጊዜ ተከፍሎት የነፋው ሰው ድምፁ በየአዳራሹ ሲሠራለት ያድራል፤ እርሱ ቤቱ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የማልፈርድባቸውን ሰዎች መጥቀስ አለብኝ። በአውቶቡስ ወደ ትንሽ ከተማ የምትሄድ፣ አንድ ክራር ደርዳሪ ብቻ ይዛ በትምህርት ቤት አዳራሽ የምትዘፍን ድምፃዊት አለች። ስምንት ሰው ይዛ ብትሄድ የመጓጓዣው ወጪ ከመግቢያው ገቢ ይበልጣል። የእርሷ ሣጥን የማንንም ቦታ አልወሰደችም፤ ቦታውም ሰውም አልነበረምና። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ከተማ ማሲንቆ ተጫዋች አጥተው ለዘመን መለወጫ ዝግጅታቸው በቅጂ ቢጠቀሙም እንዲሁ። ጥያቄው የሚነሣው ሰው ባለበት ከተማ፣ «ሙሉ ባንድ» ተብሎ በተሸጠ ቲኬት ላይ ነው።

እንግዲህ ባለብዙ መስመር መሆኑ ትርጕም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ድምፅ በአንድነት የታሸገበት ተራ ቅጂ ሰው ቢመጣለትም ቦታ አይለቅለትም። ይህ ሣጥን ግን ለየመስመሩ መቆጣጠሪያ አለው። ማሲንቆ ተጫዋች የተገኘ ዕለት የማሲንቆውን መስመር ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው። ምትን ለሰው እጅ ትቶ ቅጂውን በአጭር በአጭር ክፍል መቆራረጥ፣ ድራመሩ በእግሩ ሲረግጥ እንዲገባ፣ ለግጥምና ለቀረርቶ ሲደርስ ዝም እንዲል ማድረግም ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ልምምድ ነው። ያየኋቸው ባንዶች አብዛኛዎቹ ግን ዘፈኑን ከራስጌ እስከ ግርጌ በአንድ ትንፋሽ ያስኬዱታል፤ መቆጣጠሪያዎቹን የሚነካ የለም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ኪቦርድ ተጫዋቹን አግኝቼ ስለ ሣጥኗ ጠየቅሁት። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው፤ ያንን ሁሉ ቅንብር የሠራው እርሱ ነው።

«ጋሼ፣ የሚከፈለን የአራት ሰው ነው» አለኝ። «ባለ አዳራሹ የሚፈልገው ደግሞ የአሥር ሰው ድምፅ ነው።»

«ሳክስፎን የሚጫወት ሰው ቢመጣስ?»

«መስመሩ ለብቻው ነው። ዝቅ ማድረግ ነው።»

«አድርገህ ታውቃለህ?»

ጥቂት አሰበ። «የመጣ የለም» አለኝ።

በዚያ ምሽት ከአዳራሹ በር አጠገብ ከተቀመጡት ተመልካቾች አንዱ በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይጫወቱ እንደ ነበር ያወቅሁት በዚያው ሳምንት ነው። የገቡት ቲኬት ገዝተው ነበር።